የአባባ በረንዳና የጋሼ ምክር

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ራስህ፣ ወገብህ፣ ያ በየወቅቱ የሚነሳብህ ጨጓራህ እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ አደጉ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል፣ ምንጣፉ ይሸጣል? አንገትህንስ አያምህም? በየእሁዱ ከዚያ ማዶ ሆነህ እኛን ቁልቁል ስታይ አንገት ሳይቆለመም አይቀርም ብዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ተልጦ ነበር፣ አሁን ጠባሳ ሆኗል። አባባም ደህና ነው። ይሄ «ደህና ነው» ግን በስልክ የምትሰማው ዓይነት አይደለም፤ እንዴት ደህና እንደሆነ በዝርዝር ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። ደብዳቤ አንድ ደግነት አለው፤ መሃል ላይ ገብተህ «ቆይ፣ እኔ ልንገርሽ» አትለኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ አንተ ነገር ከመሃል ሰምተህ መጨረሻውን ራስህ መጨረስ ትወዳለህና። አባባ ባለፈው ክረምት የወደቀው በጓሮ በር ወጥቶ የእንጨቱ በረንዳ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ጣውላው ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ አረንጓዴ አውጥቶ ነበር፤ ሳሙና እንደተቀባ ሰሃን ያንሸራትታል። ዳሌው ተሰንጥቆ ስንት ጊዜ እንደተኛ ታውቃለህ፤ መጥተህ ባታየውም ተነግሮሃል። ከዚያ የእግር ሐኪሟ መጥታ ቤቱን ዞራ አየች። የፊት ለፊቱ ዘጠኝ ደረጃ አይታሰብም፣ ኮሪደሩም በምርኩዝ ለመዞር ጠባብ ነው፣ ከወጥ ቤቱ ወለል ጋር እኩል የሆነው የጓሮው በረንዳ ብቻ ነው አለች። ጠዋትና ማታ እዚያ ላይ ወዲያ ወዲህ ካላለ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ በዚህ ዕድሜ ተኝቶ የከረመ ሰው ደግሞ መነሳቱን ይረሳዋል ብላ ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ። ስለዚህ ነገሩ ቤት የማሳመር ጉዳይ አልነበረም። በረንዳው ካልተሠራ አባታችን አልጋ ላይ ይቀራል ማለት ነበር።

ይህንኑ በስልክ ነገርኩህ። ያልከኝን ታስታውሳለህ? «እናንተ በረንዳውን አሳምሩት እንጂ እኔም እመጣለሁ፣ ከአባባ ጋር እዚያ ወንበር አውጥተን እንጫወታለን» አልክ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃፋችንን ያልረገጥክ ሰው! ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር አባባ ሰማህና ከትራሱ ቀና አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው፤ የኛ አባት ግን ማለቢያውን ይዞ ተነሳ። ያን ቀን ፂሜን ላጪኝ አለኝ።

እኔ ሥራውን ራሴ ልሠራው ነበር ያሰብኩት። ለመሆኑ የእህትህን ሥራ ታውቃለህ? አሥራ ስድስት ዓመት በቤት ዕቃ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ውስጥ እንጨት ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። በረንዳውን አጥበዋለሁ፣ አምስት ፀሐያማ ቀን አደርቀዋለሁ፣ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ ቀለም ያለውን የእንጨት ዘይት አንድ ጊዜ በስሱ አጠጣዋለሁ፣ የተረፈውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አለቀ። በእግር የሚረገጥ እንጨትን የሚያድነው ከላይ የሚለብሰው ሳይሆን የሚጠጣው ነው። ይህንን ለአባባ ስነግረው «ጋሼሽን ጠይቂው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም።

አባባ፣ ጋሼ እኮ ምንጣፍ ነው የሚሸጠው፣ ከእንጨት ጋር የሚተዋወቀው ሲሸፍነው ብቻ ነው አልኩት። «ታላቅ ነው» አለኝ። ታላቅነት ቀለም ያደርቅ ይመስል! አንተ በዕድሜህ የሠራኸው አንድ በርጩማ ነው፤ እሱም ያነክሳል። ግን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው? ወርቁ ባሕር ማዶ ሆኖ ሲያወራ መዳቧ ዝም አለች።

አባባ ራሱ ደወለልህ። አንተም ዕድሜ ይስጥህ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርከን። ጣውላው እንደ መስተዋት እስኪሆን ድረስ በደቃቅ ወረቀት ይፋቅ አልክ። ታጥቦ በማግሥቱ ሥራው ይቀጥል፣ ፀሐይ እያለ ምን ያስጠብቃል አልክ። ያው ባለቀለሙ ዘይትም ወፈር ተደርጎ ሦስት ጊዜ ይደረብ፣ አንዴ ተሠርቶ አሥር ዓመት ይረሳ አልክ። እኔ ከጎን ሆኜ፣ ጋሼ፣ ከመጠን በላይ የለሰለሰ እንጨት አፉን ይዘጋል፣ ዘይት አይጠጣም ስልህ ሳቅክብኝ። «እናንተ እኮ አሁንም በድሮው ነው የምትሠሩት» አልከኝ። እዚህም እንጨት እንጨት ነው፣ እዚያም እንጨት እንጨት ነው። ምናልባት ያንተ ሰፈር እንጨት ተምሮ ይሆናል። ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው ስልህ ቪዲዮ አይቻለሁ አልክ። በቪዲዮ ያየ ሁሉ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን ስንቱን ሰው ቀዶ ሕክምና አድርጌው ነበር!

አባባ «ጋሼሽ እንዳለው ይሁን» አለ። ምን ይደረጋል፣ የአባት ቃል ነው፤ ታጠቅሁ። መጀመሪያ አጠብኩት። በጠንካራ ብሩሽና በሳሙና ጣውላ በጣውላ ስፈገፍገው የወረደው ውሃ እንደ አተላ ጥቁር ነበር። ብቅ ያሉትን ሚስማሮች መትቼ አስገባሁ፣ የላላውን አጠበቅሁ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የኔ ስለሆነ ነቀፋ የለውም። ከዚያ ያንተ ጀመረ። ሆዱ ገና እርጥብ በሆነ እንጨት ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ ቀጥሎ እንደ ሐር በሚለሰልሰው ወረቀት ፋቅሁት። ጉልበቴ የተላጠው ያኔ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ አባትሽ ሊራመድበት ነው ወይስ ዝንብ ልታንሸራትቺበት?» አሉኝ። የወንድሜ ምክር ነው አልኳቸው። «የምንጣፉ?» አሉ። አየህ፣ ዝናህ አጥር ተሻግሯል።

ቀለሙን የቀባሁት ጥፋቱን እያየሁ ነው። የመጀመሪያው ላዩ ላይ ተኛ፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ተኛ። ሦስተኛው እንደ ሽሮፕ ተንጣለለ። አባባ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበሩን አስጠግቶ «ያበራል፣ ያበራል» ይላል። ማብራቱንማ አበራ፤ ያልደረቀ ነገር ሁሉ ያበራል። በሁለተኛው ቀን በጣቴ ብነካው ጣቴን ይዞ አስቀረው። በአምስተኛውም ቀን ያው ነው። ነፋስ ያመጣው ቅጠል ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ዝንቡ፣ ላባው፣ አቧራው ሁሉ እዚያው። የሹፌሩ ድመት አንዴ ልታቋርጥ ገብታ የሆዷን ፀጉር ትታልን ሄደች። ይኸውልህ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ሙያዬ የዝንብ ወጥመድ ሠራሁ፤ የሰፈር መሳቂያ ሆንኩልህ።

መሳቂያ መሆኑስ በቀረልኝ። በስድስተኛው ቀን ሱቅ ደርሼ ስመለስ አባባ ለካ ትንሽ ልሞክረው ብሎ ብቻውን ወጥቷል። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነጠላ ጫማው ተጣብቆ ቀረ፣ እግሩ ብቻውን ሄደ። ሹፌሩ የበሰለ ፓፓያ ይዘውለት በጓሮው አጥር በር እየገቡ ነበርና ፓፓያውን ጥለው በቀበቶው ያዙት። በቀበቶው! አንድ እርምጃ ቢዘገዩ ያው ዳሌ ነበር የሚሰበረው፣ ሐኪሟም አስቀድማ እንደነገረችኝ ሁለተኛ የሚጠገን ዳሌ አልነበረም። እኔ ስደርስ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰለህ? አመመኝ አላለም። «ለጋሼሽ እንዳትነግሪው» ነው ያለኝ።

እሁድ ደወልክ። «እሺ፣ በረንዳዬ እንዴት ሆነ?» አልክ። በረንዳዬ! አባባ ጉሮሮውን ጠረገና «እንዳልከው ነው ልጄ፣ እንደ መስተዋት» አለህ። «አላልኳችሁም!» አልክ። ከዚያ አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታዲያ መቼ ትመጣለህ፣ አታየውም ወይ ሲልህ፣ ይሄ ወቅት ሥራ ይበዛበታል፣ ለጊዜው ፎቶ ላኩልኝ አልክ። ፎቶውን ያልላክሁት ዝንቦቹ እንዳይታዩብህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሌላውን ሁሉ ቀን አንተን እየናቅሁ እውላለሁ፤ ያን ቀን ግን ዝም በማለቴ ራሴን ናቅሁ።

ስልኩ ሲዘጋ ተነሳሁበት። አባባ፣ አርባ ዓመት በርና መስኮት ስትሠራ የኖርክ ሰው ነህ፣ የለሰለሰ እንጨት ዘይት እንደማይጠጣ እኔን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ምን ነክቶህ ነው ይሄን ምንጣፍ ሻጭ የሰማኸው አልኩት። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አውቄያለሁ» አለኝ። «ገና ሲናገር አውቄያለሁ። ግን ሰው የሌላ ሰው ሥራ ለማየት መንገድ አይጀምርም። የራሱን ምክር ሊያይ ግን ይመጣል ብዬ ነው» አለኝ።

ጋሼ፣ ገባህ? አባትህ አንተን ለማምጣት ያንኑ የተሰነጠቀ ዳሌውን አስይዞ ቁማር ተጫወተ። አንተ ፎቶ ጠየቅክ። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንቅህ ባለማወቅህ ነበር። አለማወቅ ምንም አይደል፣ ሰው ይማራል። ከዚያ ቀን ወዲህ የምንቅህ በሌላ ነው።

በማግሥቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ጀመርኩ። በቲነርና በመፋቂያ ያንተን ሦስት ድርብ አስለቀቅሁት፤ እንደ ሙጫ እየተጠቀለለ ከነዝንቡ ወጣ። አራት ቀን ፈጀብኝ። እንደገና አጠብኩት፣ አምስት ፀሐያማ ቀን ተውኩት፣ በሻካራው ወረቀት ፊቱን ከፈትኩት። ከዚያ አባባ ያስተማረኝን አደረግሁ፤ ውሃ በጣቴ አንጠባጠብኩበት። ጠብታው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ከቆመ እንጨቱ ገና ነው፣ ከጠጣው ዝግጁ ነው። አባባ በሩ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ጠብታው የለም። «ጠጣ!» አለ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ዘይቱን በስሱ፣ አንዱን ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላቋርጥ ቀባሁ። ሩብ ሰዓት እየቆየሁ ያልጠጣውን ጠረግሁ። አባባ እኔም ካላገዝኩ ብሎ የምርኩዙን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሳይነሳ ይጠርጋል፤ ኤዲያ፣ አንዷ ጥግ ላይ አለፈሽ፣ ሰነፍ እያለ ይሰድበኛል። ዘይት የጠጡትን ጨርቆች ከምረሽ እንዳትተዪ፣ በራሳቸው ይነድዳሉ ብሎ አንድ በአንድ አጥሩ ላይ እንዳሰጣቸው አደረገኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የማውቀውን ነገር ነው የሚነግረኝ፤ ግን እሺ አባባ አልኩት። እሱ ሲነግረኝ ደስ አለኝ።

አንዲት ጣውላ ስትቀር ግን ብሩሼን ያዘው። በሩ ሥር ያለችው ናት። «ይቺን ተያት፣ ጋሼሽ ሲመጣ ይቀባታል» አለኝ። ዝናብ ቢመጣ በሷ በኩል ገብቶ ሌሎቹንም ያበላሻል ብዬ ብነግረው፣ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ላንተም ነገርኩህ። «ኧረ እንዴት ደስ ይላል!» አልክ። ደስ ይላል! አሥራ አንድ ቀን ጠበቅንህ። አባባ ላንተ ንጹሕ ሆና እንድትቆይ በየጠዋቱ አይረግጣትም፤ በዚያ ዳሌው፣ በምርኩዝ፣ ተንጠራርቶ ይሻገራታል። እኔ ከኋላው እጄን ዘርግቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሬዲዮው ከነገ ወዲያ ዝናብ አለ አለ። አባባ ምሳ በልቶ ሲያሸልብ ጣሳውን ከፈትኩና ቀባኋት፣ ጠረግኋትም። ከነመጥረጉ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ላንተ የተቀመጠልህ ሥራ በሙሉ ያችው ነበረች።

በማግሥቱ ጠዋት አባባ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ስለደከመ ቀለሟን የሚለይ አልመሰለኝም ነበር። ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ዳሰሳት። ይቆጣኛል ብዬ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ቆምኩ። «ይሄ ያንቺ እጅ ነው» አለኝ። አዎ አልኩት። «ጥሩ አድርገሻል። እንጨት ቀጠሮ አያውቅም» አለና ረግጧት ወጣ።

አሁን ጠዋት ሃያ ዙር፣ ማታ ሃያ ዙር ይሄዳል። ሐኪሟ ባለፈው መጥታ ስታየው እንዲህ ያለ በረንዳ ማን ሠራልህ ብትለው፣ «ልጄ ናት፣ ባለሙያ ናት» አላት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። በአርባ አንድ ዓመቴ መሆኑ ነው።

ባለፈው እሁድ ስትደውል አባባ ተኝቷል ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ። አልተኛም፤ በረንዳው ላይ ነበር፣ ከኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ድሮ እሁድ እሁድ ከቁርስ ጀምሮ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚጠብቅህ። ያን ቀን ስልኩን ስዘረጋለት አሥራ አራተኛው ዙር ላይ ነበር። እጁን አወዛወዘና «አንቺ አናግሪው፣ አልጨረስኩም» ብሎ ዞረ። መቼ ይመጣል ብሎ ከጠየቀኝም ሦስት ሳምንት አለፈው። ረስቶ እንዳይመስልህ፤ አልረሳም። ትቶታል።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ምክርህን በየቀኑ ለምትሰማው ለሷ ጽናቱን ይስጣት። ለትልቁ ልጅህ ሰላም በልልኝ፤ ለአያቱ የላከው ሥዕል ደርሶናል፣ አልጋው ፊት ለፊት ሰቅለነዋል። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ገና ባታይሽም ትወድሻለች በላት። ለአማትህም ጤና ይስጥልኝ፤ እሳቸው እንኳ በየወሩ እየደወሉ አባባን እንዴት ነህ ይሉታል፣ ውለታቸውን አልረሳም። ከዚህ ሹፌሩ ሰላም ብለውሃል፤ ምክር ግን እንዳትልክላቸው ለምነዋል። አባባን ደግሞ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። «ደህና ነኝ በይው፤ አይቸገር» አለ።

ታናሽ እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን